ቀጭ የሚለው መቆለፊያ
አንድ ጊዜ ክፉ ንድፍ ሠርቻለሁ። ለገበሬዎች በምንሸጠው ታጣፊ መግረዣ ቢላ ውስጥ፣ ስለቱ ተመልሶ ጣት ላይ እንዳይታጠፍ የሚይዘውን መቆለፊያ ከስስ ቆርቆሮ እንዲሠራ አድርጌ ነደፍኩት። ሥራ አስኪያጃችን አቶ አስናቀ «ሲቆለፍ ቀጭ ይበል እንጂ መያዝ አለመያዙን ማን ያያል?» ስላሉኝ እሺ አልኩ።

የቢላውን የቀበቶ ማንጠልጠያ የምትገጥም አንዲት ምላሰኛ ሴትዮ ግን «ይኼ ነገር ጣት ይበላል» እያለች ማውራት ጀመረች። አቶ አስናቀ ይህን ሰምተው ኖሮ፣ የገበሬ ማኅበር ሽማግሌዎች ሊገዙ በመጡ ዕለት አስጠሯት።

«እስቲ እዚሁ ተናገሪ! መቆለፊያው ጠንካራ ነው ወይስ አይደለም?»

አይደለም ብትል ልትባረር፣ ነው ብትል ለሚቆረጠው ጣት ሁሉ ተጠያቂ ልትሆን ነው።

«ኧረ ጌታዬ፣ ይኼም ይጠየቃል?» አለች ሴትዮዋ። «ጠዋት ለልጅዎ አንዱን ቀበቶዋ ላይ አንጠልጥዬላት፣ ይኸው ጓሮ ጽጌረዳ እየገረዘችበት ነው።»

አቶ አስናቀ ወንበራቸውን ገልብጠው ተነሡ። «ጣትሽን! ልጄ፣ ጣትሽን!» እያሉ ወደ ጓሮ ሮጡ።

ሴትዮዋ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «አይዟችሁ አባቶቼ፣ ጓሮው ውስጥ ማንም የለም። የተጠየቅሁት እኔ ነበርኩ፤ ጌታዬ ግን ስለሚወዱኝ እየሮጡ መለሱልኝ።»

ሽማግሌዎቹ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ መቆለፊያው ተቀይሮ እሷ ራሷ ጠንካራ ነው እስክትል ድረስም አንገዛም አሉ። በዚህ ምክንያት ማንም ሊያባርራት አልቻለም።

ከዚያ ቀን በፊት ግን ብዙ ቢላዎች ተሸጠው ነበር። ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ በእኔ ንድፍ እጃችሁ የቆሰለም ያልቆሰለም፣ እባካችሁ ይቅር በሉኝ።