የፊታውራሪው «ሙዋ»

ፊታውራሪ አስገልጥ ፈረንሳይኛ መማር በጀመሩ ሰሞን፣ የያዙት ነገር ቢኖር «ሙዋ» እኔ፣ «ቱዋ» አንተ ማለት መሆኑ ነበር። አማርኛ የሚያውቅ ፈረንሳዊ እንግዳቸውንና ጠመንጃ ያዣቸውን ይዘው አደን ወጡ። ቁጥቋጦ ውስጥ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አይተው ተኮሱ፤ ወደቀ።

«ነብር ገዳይ ሙዋ! ሙዋ!» እያሉ ፎከሩ።

ቀርበው ሲያዩ የወደቀችው የእንግዳው በቅሎ ናት።

«ማን ነው የገደላት?» አለ እንግዳው በቁጣ።

ፊታውራሪ ወደ ጠመንጃ ያዣቸው ዞረው፣ «ቱዋ!» አሉ። ጠጋ ብለውም፣ «እኔ ነኝ በል፤ አለዚያ ዛሬ ጅራፍ ትቀምሳለህ» አሉት።

ጠመንጃ ያዡ እጅ ነስቶ፣ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እሺ ባልኩ ጌታዬ። ግን ነብር ሳለች እርስዎ ገድለዋታል፤ ፉከራውን እንግዳችን ሙሴውም ሰምተዋል። በቅሎ የሆነችው ከሞተች በኋላ ነው፤ የሞተችውን እንዴት አድርጌ ልግደላት?»