የጋሽ ውብእሸት ጎማና የጎረቤታቸው ዓይን

እኛ ሰፈር አንዲት አባባል አለች፤ እሷ ከተባለች ተከራካሪው ሁሉ አፉን ይዞ ቁጭ ነው! ዝም ብላ ከሰማይ የወረደች እንዳትመስላችሁ። የመጣችው ከሳይክል ጎማ ነው። እውነቴን ነው፣ ከጎማ!

እዚሁ ባሕር ዳር፣ ጋሽ ውብእሸት ከፖስታ ቤት ጡረታ እንደወጡ ቀይ ሳይክል ገዙ። አቤት ሲወዷት! ከልጆቻቸው ፎቶ በላይ ይወለውሏታል። የመጀመሪያ ቀን እየነዱ ከግቢያቸው ብቅ ሲሉ ጎረቤታቸው ጋሽ ደሳለው አዩዋቸው። ሁለቱ ሃያ ዓመት ሙሉ ከሰዓት ከሰዓት ዳማ ሲጫወቱ የኖሩ ጓደኛሞች ናቸው።

«ውቤ! አቤት ስታምር!» አሉ ጋሽ ደሳለው።

በቃ! «ከዓይን ያውጣት» የለ፣ «ቱ ቱ» የለ፣ ስታምር ብቻ። ጋሽ ውብእሸት ቅር አላቸው። ሃምሳ ሜትር ሳይሄዱ ጎማው ፍስስስስ!

ሚስታቸው ጎሚስታ ጋ ውሰደው ቢሏቸው፣ «እኔ? ሬዲዮ ፈትቼ የገጠምኩት ሰውዬ?» ብለው ተቆጡ። ካላማዳሪያውን፣ የውስጡን ላስቲክ ማለቴ ነው፣ ጎትተው አወጡ። ሳፋ ውሃ ውስጥ ነክረው አረፋ የምትተፋዋን ቀዳዳ አገኟት። ፈግፍገው፣ ማስቲሽ ቀብተው፣ ለጥፈው መልሰው ከተቱት። ከዚያ ነፉ፣ ነፉ፣ ነፉ፤ ፊታቸው ከሳይክሏ በላይ ቀላ!

በማግስቱ ሲወጡ ጋሽ ደሳለው ደግሞ በር ላይ አሉላችሁ።

«ዛሬማ ድንቡሽ ብላለች!»

ፍስስስስ!

አራት ቀን፣ አራት ልጥፍ! መሪዋ ላይ ነጭ ሽንኩርት አሰሩላት፤ ፍስስ ማለቷ አልቀረም፣ ሽታ ብቻ ተጨመረ። በአምስተኛው ቀን ጋሽ ውብእሸት አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ጮኹ።

«ደሳለው! ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ! ዓይንህ ነው የሚበሳት!»

«የኔ ዓይን? መነጽሬን ካላደረግኩ እኮ ሳይክልህን ከፍየሌ አልለያትም!»

ተኳረፉ። የሃያ ዓመት ጓደኝነት በጎማ! ግን ከሰዓቱ ለጋሽ ውብእሸት አላልፍ አላቸው። የዳማ ቆርኪዎቹን ለብቻቸው ደርድረው በቀኝ እጃቸው የግራ እጃቸውን ቆርኪ በሉ። አሸነፉ፤ ግን በማን ይሳቁ? ንዴታቸው ባሰ። ደሳለውን ከሰሱ።

ዳኛው አባባ ሙሉዓለም ናቸው፣ የዕድሩ ሽማግሌ። ዓይናቸው ስለደከመ ሁሉን ነገር ዳብሰው ነው የሚያውቁት።

«ማስረጃህን አምጣ» አሉ።

ጋሽ ውብእሸት ካላማዳሪያውን አቀረቡ። አባባ ዳበሱት።

«አራቱም ልጥፍ እኮ አንድ ቦታ ነው፣ ልጄ።»

«አነጣጥሮ ነዋ የሚያየው!»

«ጎማውስ? ውስጡን ዳብሰኸዋል?»

«ጎማው ምን አደረገ፣ አባባ? የተበሳው ላስቲኩ!»

«ግድ የለም፣ አምጣው።»

አባባ እጃቸውን ጎማው ውስጥ ከተው ቀስ እያሉ አዞሩት፣ አዞሩት...

«ወይኔ ጣቴን!» ብለው ዘለሉ! «አንተ ውብእሸት፣ የደሳለው ዓይን ጥርስ አለው እንዴ?»

ይዘው ሲመዙት የግራር እሾህ ነው! ጫፉ ብቻ ወደ ውስጥ ብቅ ብሎ፣ ላስቲኩ በተነፋ ቁጥር ጠቅ እያደረገ ሲበሳው ነበር። ጋሽ ደሳለው መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

«ውቤ፣ ይሄ ፍየሌ እንዳትገባብህ ብለህ በርህ ላይ የደረደርከው እሾህ አይደለም?»

ጋሽ ውብእሸት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ። ጆሯቸው ሳይቀር ቀላ። ዙሪያውን የተሰበሰበው ሰው ሳቁን አፍኖ ሊፈነዳ ደርሷል።

«ደሳለው...» አሉ በቀጭን ድምፅ፣ «ከሰዓት... ቆርኪ ልደርድር?»

«ደርድር፣ ግን መጀመሪያ በርህን ጥረግ!» አሉ ጋሽ ደሳለው፣ ሳቃቸው አምልጧቸው። «ፍርዱስ፣ አባባ?»

አባባ ሙሉዓለም የተወጋ ጣታቸውን ከአፋቸው አወጡና ሰውን ሁሉ በሳቅ የጣለውን፣ እኛም እስከ ዛሬ የምንለውን ተናገሩ፦ «ምን ፍርድ አለው፤ እሾህ አቅፎ፣ ቀዳዳ ለጥፎ!»