ጨፌውን ያደረቀው ከርከሮ

ጆሮ ያለው ይስማኝ፤ ተረት አለኝ።

ከአንድ ኮረብታ ሥር ችኩል ከርከሮ ከልጆቹ ጋር ይኖር ነበር። ከደጁ ያለውን ጨፌ አድርቆ ሥራ ሥር ሊቆፍርበት አሰበ።

በጨፌው የምትኖረው እንቁራሪት፣ «አያ ከርከሮ፣ ተው። ምንጫችን በበጋ የሚፈልቀው ይህ ጨፌ የክረምቱን ዝናብ ይዞ ቀስ እያለ ስለሚሰጠው ነው» አለችው።

«ውሃ የሚመጣው ከሰማይ ነው፣ እመት እንቁራሪት፤ ከጭቃ አይደለም» አለና በክራንቻው ቦይ ቀደደ። ጨፌው ደረቀ፤ እንቁራሪትም ተሰደደች። ከርከሮና ልጆቹ ያን ዓመት ጠግበው በሉ።

በዓመቱ ግን ሰማዩ ጠባዩን ለወጠ። ዝናቡ ሁለት ወር ዘግይቶ መጣና በአንድ ሳምንት ወርዶ አለቀ። የሚይዘው አጥቶ በቦዩ ጋልቦ ሄደ። ጥር ሳይገባ ምንጩ ነጠፈ።

ከርከሮ የተጠሙ ልጆቹን ይዞ ሦስት ኮረብታ ተሻገረና ሌላ ጨፌ አገኘ። እንቁራሪት እዚያ ነበረች። አፍሮ ቆመ። እሷ ግን «ጠጡ» ብላ መንገድ ለቀቀችላቸው።

ጠጥተው ሲጠግቡ ታናሹ ልጅ የጨፌውን ዳር በአፍንጫው እየማሰ፣ «አባባ፣ ውሃውን ብናፈሰው እኮ እዚህም ሥር ሞልቷል!» አለ።

ከርከሮ ልጁ የማሰው ቦታ ላይ ሄዶ ተጋደመ፤ እስኪመሽም አልተነሣም።

ተረቴን ተቀበሉ፤ ጉሮሮዬን በውሃ አርጥቡ።