በመዳፍ የተለካ ጨው

አንዲት ሰናይት የምትባል ምራት ነበረች። የምትኖረው ከባሏ ከይርጋና ከባሏ እናት ከወይዘሮ አልጋነሽ ጋር ነው። ሥራዋ ልብስ ስፌት ነው። በዓል ሲቀርብ የልብስ ሰፊ ቤት ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሰው ሁሉ ቀሚሱን ለፋሲካ ይፈልገዋል፤ ጨርቁን ይዞ የሚመጣው ግን ፋሲካ ሳምንት ሲቀረው ነው።

በዚያ ቤት የፋሲካ ዶሮ ወጥ ሥራው የተከፋፈለ ነበር። ሽንኩርቱን ልጣ፣ ከትፋ፣ ግማሽ ቀን አቁላልታ፣ በርበሬውን ጨምራ ቁሌቱን የምታደርሰው ሰናይት ናት። ዶሮውን የሚያርደው ይርጋ ነው። ቅቤው፣ ቅመሙና ጨው ደግሞ የወይዘሮ አልጋነሽ ድርሻ ነው። ወይዘሮ አልጋነሽ ጨው በማንኪያ ለክተው አያውቁም። መዳፋቸው ላይ አድርገው አንድ ጊዜ ያዩትና ድስቱ ውስጥ ጨምረው ይከድኑታል፤ በቃ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ወጣቸው ጨው በዛበት ወይም አነሰው ተብሎ አያውቅም።

“ታዲያ ለምን አይቀምሱትም?” የሚል አይጠፋም። ጾም ነዋ። ወጡ የሚሠራው ቅዳሜ፣ የሚበላው እሑድ ነው። ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሰው በመጨረሻዋ ቀን ማማሰያ አይልስም። ሕፃን ያለበት ቤት ሕፃኑን ያስቀምሳል፤ እዚህ ቤት ደግሞ ሕፃን አልነበረም። ስለዚህ የቤቱ ሰው ሁሉ የሚያምነው የወይዘሮ አልጋነሽን መዳፍ ነበር።

በዚያ ዓመት ግን ወይዘሮ አልጋነሽን አንድ ፍርሃት ይዟቸው ነበር። መርሳት ጀምረዋል። የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ያስቀመጡበት ይጠፋቸዋል። አንድ ቀን ደግሞ ቧንቧ ከፍተው ትተውት ግቢው በውሃ ተጥለቀለቀ። ባል አግብታ ሌላ ሰፈር የምትኖረው ሴት ልጃቸው ውድነሽ በመጣች ቁጥር “እማዬ፣ ሰሞኑን ምን ሆነሻል?” ትላለች። ሌላ ሰው ቢሆን እርጅና ነው ብሎ ያልፈው ነበር። እርሳቸው ግን የገዛ እናታቸው የልጆቻቸውን ስም እስኪረሱ ድረስ ያስታመሙ ሴት ናቸው፤ ነገሩ እንዴት እንደሚጀምር ያውቁታል። ለማንም አልተናገሩም እንጂ በየቀኑ ራሳቸውን ይፈትኑ ነበር፤ ትናንት ምን በላሁ፣ ማን መጣ፣ ምን አልኩት እያሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰናይት ሦስት ቀሚስ ይቀራት ነበር። ሌሊቱን ስትሰፋ ስላደረች ዓይኗ ቀልቷል። ወይዘሮ አልጋነሽ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። አምስት ኪሎ ሽንኩርት ኩሽናው ጥግ በፌስታል እንደተቋጠረ ቁጭ ብሏል። ሰናይት ሽንኩርቱን አየችው፣ ሰዓቱን አየች፣ ከዚያ ነጠላዋን ደረብ አድርጋ ወጣች።

ገበያው መግቢያ ላይ የደረሰ ቁሌት በፕላስቲክ ባልዲ የምትሸጥ ሴት አለች። ሴትዮዋ ባልዲውን እያስያዘቻት “ሁሉ ነገር አለው እህቴ፤ ዶሮሽን መጨመር ብቻ ነው” አለቻት። ሰናይት የነጋዴ ወሬ ነው ብላ ጆሮም አልሰጠችው። ቤት ገብታ ቁሌቱን ድስት ውስጥ ገለበጠች። ባዶውን ባልዲና አምስት ኪሎውን ሽንኩርት ከስፌት መኪናዋ ጀርባ ከተተችና ጨርቅ ጣል አደረገችበት።

እስከ ባልዲው ድረስ ሰናይት ምንም አላጠፋችም። ጊዜ ያጣ ሰው የተሠራ ነገር ገዛ፤ ይኼ ደግሞ ማንንም አይገድልም። ጣጣው የጀመረው ጨርቁን ጣል ያደረገችበት ጊዜ ነው።

ወይዘሮ አልጋነሽ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው የድስቱን ክዳን ገልጠው አዩ። ቁሌቱ ቀልቷል፣ ልሟል።

“ጎሽ የኔ ልጅ። ዓይንሽ እንዲህ የቀላው በሽንኩርቱ ነው?” አሏት።

“አዎ፣ እማማ” አለች ሰናይት።

ከሰዓት በኋላ ዶሮው ገባ፣ ቅቤው ገባ። ሰናይት አጠገባቸው ተቀምጣ የተቀቀለ እንቁላል ትልጣለች። ወይዘሮ አልጋነሽ ጨው በመዳፋቸው ይዘው አንድ ጊዜ አዩትና ጨመሩት። ወዲያው ጎረቤት ወንፊት ፈልጋ በሩን አንኳኳች። ወንፊቱን ሰጥተው ሲመለሱ ድስቱ አጠገብ ትንሽ ቆም አሉ፤ ከዚያ ክዳኑን ገጠሙት። ጨው አልደገሙም። ሰናይት በዓይኗ አይታለች።

እሑድ ጠዋት ውድነሽ ከባሏ ጋር መጣች። ዳቦው ተባርኮ ተቆረሰ፣ ወጡ ቀረበ። ይርጋ መጀመሪያ ጎረሰ። ማላመጡን አቆመና ቀስ ብሎ ውሃ ቀዳ። የውድነሽ ባል ጨዋ ሰው ነው፤ ሁለተኛ ጉርሻ ሞከረና ወደ አይቡ ዞረ። ወጡ ጨው ብቻ ነበር።

“እማዬ፣ ጨው ሁለት ጊዜ ጨምረሽ ይሆን እንዴ?” አለች ውድነሽ። ክፋት አልነበረባትም።

ወይዘሮ አልጋነሽ የጠቀለሉትን እንጀራ መልሰው አስቀመጡት። “ጎረቤት ወንፊት ፈልጋ መጥታ ነበር” አሉ። “ስመለስ ጨምሬ እንደሆን ጠፋኝ። ደግሜ ነው የሚሆነው።”

“ምንም አይደል፣ እማዬ” አለ ይርጋ። “እስከ ዛሬ የለፋሽው ይበቃል። ከእንግዲህ አንቺ ቁጭ ብለሽ ታዢናለሽ።”

“ቁሌቱን እዩት ግን” አለች ውድነሽ ነገሩን ለማለሳለስ። “እንዴት እንደላመ። የሰናይት እጅ እኮ ቀላል አይደለም።”

“ከዛሬ ወዲህ ድስት አልነካም” አሉ ወይዘሮ አልጋነሽ። ይህን ያሉት ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው ነው።

ሰናይት ሁሉም ነገር ገባት። የሴትዮዋ “ሁሉ ነገር አለው” ማለት አሁን ነው ጆሮዋ ውስጥ የገባው። ቁሌቱ ሲገዛም ጨው ነበረበት። ይህን የምታውቀው ደግሞ እርሷ ብቻ ናት። አፏን ልትከፍት አሰበችና ውድነሽን አየቻት። አሁን ያመሰገነችኝ ሴት ምን ትለኛለች አለች በልቧ። ቆይቼ እነግራቸዋለሁ ብላ ሳህን አንስታ ወጣች። ይህች ቆይቼ የምትባል ነገር ስንቱን ጉድ እንዳደረገች እኔም ከራሴ አውቃለሁ።

ሁሉም ጾሙን በአይብና በዳቦ ፈታ። ሰናይት ሳህኖቹን አጥባ ጨርሳ ለውሃ ወጣ ብላ ስትመለስ ወይዘሮ አልጋነሽን ኩሽና ውስጥ አገኘቻቸው። የጨው ዕቃውን ከፊታቸው አድርገው ቆመዋል። በመዳፋቸው ጨው ያነሣሉ፣ ያዩታል፣ መልሰው ያፈሱታል። እንደገና ያነሣሉ።

“ሰናይት፣ ትናንት ይኼ ዕቃ ሙሉ ነበር ወይስ ጎዶሎ?” አሏት ሳይዞሩ። “ታስታውሻለሽ? እኔ እንጃ፣ ሊመጣልኝ አልቻለም።”

ሰናይት የያዘችውን ውሃ መሬት አስቀመጠች።

“እናቴንም እንዲህ ነው የጀመራቸው” አሉ። “መጀመሪያ ወጥ ነበር። ቀጥሎ ቤቱ ጠፋቸው። መጨረሻ ላይ እኔን ማን ነሽ አሉኝ። ሞት አይደለም የምፈራው፣ ልጄ። ይርጋን ማን ነህ ማለትን ነው የምፈራው።”

ሰናይት ቀረብ አለች። እጃቸውን ከነጨዉ ያዘች።

“እማማ፣ እርስዎ አይደሉም። ቁሌቱን እኔ አልሠራሁትም፤ ገዝቼው ነው። ሲገዛ ጨው ነበረበት።”

“ምን አልሽ?”

“ገዝቼው ነው። ጊዜ አጣሁ። ሙያ የላትም እንዳትሉኝ ብዬ ደበቅኋችሁ። ትናንት አጠገብዎ እንቁላል ስልጥ አይቼዎታለሁ፤ ጨው የጨመሩት አንድ ጊዜ ነው።”

“ወንፊቱን ሰጥቼ ስመለስስ?”

“ክዳኑን ብቻ ነው የገጠሙት።”

“አልደገምኩም?”

“አልደገሙም።”

ወይዘሮ አልጋነሽ በርጩማው ላይ ተቀመጡና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰናይት የተቆጡ መስሏት ይቅርታ ለመጠየቅ ጎንበስ አለች። ነጠላውን ሲገልጡት ግን እያለቀሱም እየሳቁም ነበር። ደስ ብሏቸዋል፤ እንዲህ ደስ ያላቸው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

“አንድ ጊዜ ነው የጨመርኩት” አሉ ለራሳቸው። ቆይተው ደግሞ ቀና ብለው አዩዋት። “ስሚ ሰናይት። ቁሌት ይገዛል፤ ምንም ነውር የለውም። ብትነግሪኝ እኔም ጨው እተው ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ድስት አልነካም ስል እያየሽኝ ዝም አልሽ። እሱ አሞኛል።”

“ያማል፣ እማማ። ይቅር ይበሉኝ። አሁን ገብቼ ለሁሉም እነግራቸዋለሁ።”

“ተዪው፤ እኔ ካወቅሁት ይበቃኛል።”

“አይበቃም። እነሱ ፊት ነው የተፈረደብዎት” አለችና ወደ ሳሎን ገባች።

ቆማ ነገረቻቸው። አንድም ነገር አላስቀረችም። ይርጋ ጭንቅላቱን አቀረቀረ። ውድነሽ ተነሥታ ኩሽና ገባችና እናቷን አቀፈች። ቆይታ ከኩሽናው ብቅ አለችና ሰናይትን “የተገዛውስ ሽንኩርት የት ገባ?” አለቻት።

“ከስፌት መኪናው ጀርባ ነው።”

“እኔም ያ ክፍል ምን ይሸተኛል እያልኩ ነበር” አለች ውድነሽ። ያኔ ሁሉም ሳቀ።

ወይዘሮ አልጋነሽ ወገባቸውን አሥረው ወጡ። “በሉ ተነሡ። ሽንኩርቱ ይምጣና ሁላችሁም ላጡ” አሉ። ይርጋም የውድነሽ ባልም ቢላዋ ተሰጣቸው። የበዓል ልብስ እንደለበሱ እንባቸውን እየጠረጉ አምስት ኪሎ ሽንኩርት ከተፉ። ሰናይት ያለ ጨው አቁላላችው። ከሰዓት በኋላ በሚገባ ሲበስል ጨው የበዛበትን ወጥ ከአዲሱ ቁሌት ጋር ቀላቀሉት። አሁን ጾም የለም፤ ስለዚህ ሁሉም እየመጣ ይቀምሳል። ይርጋ አራት ጊዜ ቀምሶ አራቱንም ጊዜ “ልክ ነው” አለ።

ወይዘሮ አልጋነሽ መጨረሻ ላይ ቀመሱ። “ትንሽ ጎድሎታል” አሉ። የጨው ዕቃውን ሳቡ፣ በጣታቸው ቆንጠር አደረጉ፣ መዳፋቸው ላይ አድርገው አንድ ጊዜ አዩትና ጨመሩት።  ሰናይት በማማሰያው ጨልፋ ቀመሰች።

“አሁን ነው ልኩ፣ እማማ” አለች።

ወጡ በማግስቱም ተበላ፤ በእጥፍ ስለበዛ ለጎረቤትም ተረፈ። ወይዘሮ አልጋነሽ ከዚያም በኋላ ቁልፍ መርሳታቸው አልቀረም። የቤቱ ሰው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገር በጎደለ ወይም በበዛ ቁጥር ወደ እርሳቸው ከማየቱ በፊት ራሱን ይጠይቅ ነበር። በዓመቱ ፋሲካ ደግሞ ሰናይትና ወይዘሮ አልጋነሽ ሁለቱም አብረው ገበያ ሄደው ቁሌት ገዙ። ወይዘሮ አልጋነሽ መጀመሪያ የጠየቁት “ጨው አለው?” ብለው ነው።

ወዳጆቼ፣ እኔ ከዚህ የያዝኩት ይህንን ነው። ሥራ ማቅለል ጥፋት አይደለም። ሰው ጊዜ ሲያጥረው የተሠራ ይገዛል፣ ያግዙኝ ይላል፣ ያሳጥራል። ነገር ግን አብሮን ለሚሠራው ሰው ያልነገርነው ነገር የሆነ ቦታ ላይ መውደቁ አይቀርም፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ የሚወድቀው ቀድሞውኑ ራሱን በሚጠራጠረው ሰው ላይ ነው። እኛ ስማችንን ስናተርፍ እርሱ በራሱ ላይ ያለውን እምነት ያጣል።

እስቲ ቤታችሁን፣ መሥሪያ ቤታችሁን ዞር ብላችሁ እዩ። እናንተ ያጠፋችሁትን ጥፋት “እኔ ነኝ” ብሎ ተሸክሞ፣ የጨው ዕቃ ከፊቱ አድርጎ የቆመ ሰው ይኖር ይሆን? ካለ ዛሬውኑ ሂዱና አንድ ጊዜ ብቻ እንደጨመረ ንገሩት።