የወርቅያንሱ ችግኝና እምቢ ያለው ሞተር

ተረት ልበላችሁ፤ «ጥማት ጥማት» በሉኝ። አላችሁ? ጎሽ።

ባሏ የሞተባት ወርቅያንሱ የምትባል ሴት ነበረች። እዚያ ቆላ፣ ወንዙ ዳር፣ አንዲት የሽንኩርት ችግኝ መደብ ነበረቻት። ዘሯን ሁሉ እዚያው አፍስሳዋለች፤ ሌላ ፍሬ የላትም። በዚያ አገር ውሃ በተራ ነው፤ ፀሐይ ስትገባ ተራው ለሌላ ይተላለፋል። በተራዋ ቀን ጠዋት የውሃው ሞተር አልነሳ አለ። ሰው ሁሉ የሞተር ቤቱን አጥር ይዞ፣ ቁልፍ የሚጫነውን ሰው «ድገመው! ድገመው!» እያለ ጮኸበት። እሷም ጮኸች። ሞተሩ ጭራሽ ዝም አለ።

ችግኙ አንገቱን ደፋ። «ቦይዬ፣ አጠጣልኝ» አለች ወርቅያንሱ።

«ፓምፑ ካልገፋልኝ ከየት አምጥቼ?» አላት ቦዩ።

ፓምፑ ደግሞ «ሞተሩ ካላዞረኝ አልገፋም» አለ። እንግዲህ ፓምፕ አይገፋ፣ ቦይ አይሞላ፣ ችግኝ አይጠጣ።

ወደ ሞተሩ ሄደች። ወፍጮ ቤት ያለውን እንዳይመስላችሁ፤ በሬ የሚያህል ነው። «የመብራቱ በር፣ ብሬከሩ፣ መብራት ካልሰጠኝ አልዞርም» አለ። ሞተር አይዞር፣ ፓምፕ አይገፋ፣ ቦይ አይሞላ፣ ችግኝ አይጠጣ። ምስኪን!

ብሬከሩ «ዘበኛው ካልፈቀደልኝ አልሰጥም» አለ። ዘበኛው ሪሌ የሚሉት ነው፤ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ የሞተሩን ትኩሳት ይጠብቃል። ብሬከር አይሰጥ፣ ሞተር አይዞር፣ ፓምፕ አይገፋ፣ ቦይ አይሞላ፣ ችግኝ አይጠጣ።

ዘበኛው ተቆጣ። «የወንዙ አረም የፓምፑን ጉሮሮ አንቆታል! ሞተሩ ሲታገል ጋለ። ትልቅ ሞተር ከመሄዱ ይልቅ መነሳቱ ነው የሚያግለው፤ እናንተ ደግሞ ድገመው ትላላችሁ። አረሙ ካልወጣ፣ ሞተሩ ካልበረደ አልፈቅድም!»

የሞተር ቤቱ ሰው ገዝሙም «እትዬ፣ ስትጮሁብኝ ቁልፉን ደጋገምኩት፤ ምን ላድርግ?» አለ። ትኩሳት የያዘውን ሰው ሩጥ ይሉታል፣ ልጆቼ?

አረሙ «ሰው ካልጎተተኝ አልወጣም» አለ። ሰዎቹም «ተራው የማን ነው? የወርቅያንሱ! እንግዲያ እሷ ትጎትት» አሉ። ሰው አይጎትት፣ አረም አይወጣ፣ ዘበኛ አይፈቅድ፣ ብሬከር አይሰጥ፣ ሞተር አይዞር፣ ፓምፕ አይገፋ፣ ቦይ አይሞላ፣ ችግኝ አይጠጣ።

ወርቅያንሱ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ገባች። ብትጎትት፣ ብትጎትት፣ ወይ ፍንክች። እንባዋ ወረደ።

«አንቺ ሴት፣ አረሙ አንቺን ይጎትትሻል!» ብለው ሳቁ።

ዳምጠው ግን አልሳቀም፤ ከእሷ ቀጥሎ ባለተራ እሱ ነው። «ለእሷ ያልዞረ ሞተር ለእኔ ሊዞር ነው?» ብሎ ሸሚዙን አወለቀና ገባ። ከዳምጠው ቀጥሎ ባለተራው ሰማ፤ ገባ። ከእሱም ቀጥሎ ያለው ገባ። ሰው ጎተተ፣ አረም ወጣ።

«በል አሁን ድገመው!» አለ አንዱ።

«አፍህን ያዝ፣ ይብረድ!» አለ ገዝሙ፣ እጁን ብብቱ ውስጥ ቀብሮ።

ጠበቁ። ፀሐይ አትጠብቅ፤ ገባች። የወርቅያንሱ ተራ አለቀ። እሷም መሬት ላይ ተቀመጠች።

ያኔ ሞተሩ በረደ፤ ዘበኛ ፈቀደ፣ ብሬከር ሰጠ፣ ሞተር ዞረ፣ ፓምፕ ገፋ፣ ቦይ ሞላ። ዳምጠው ዶማውን አንስቶ የቦዩን አፍ ወደ ወርቅያንሱ መደብ ከፈተው።

«ኧረ አያ ዳምጠው፣ ተራው ያንተ ነው!» አለችው።

«የእኔ ነዋ! ታዲያ በገዛ ውሃዬ ማን ያዝዘኛል?»

ግማሹ ችግኝ ሞቶ ነበር። ግማሹ ጠጣ።

ተረቴ እዚህ ደረቀ፤ ውሃ ያለው ያጠጣው።