የማንጠግቦሽ ምድጃና የዶሮው ፈረሰኛ

በአንድ ወቅት፣ ብዙም ባልራቀ ጊዜ፣ ደሴ ከተማ ውስጥ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ የሚባሉ የሦስት ልጆች እናት ነበሩ። ባለቤታቸው አቶ ይርዳው ካረፉ ገና ዓመት አልሞላቸውም። ወጥ ቤቱን በእጃቸው የሠሩት አቶ ይርዳው ሲሆኑ፣ በግድግዳውና በሲሚንቶው መደርደሪያ መካከል ለኤሌክትሪክ ምድጃው ልክ በልኩ ቦታ ትተውለት ነበር። ያ ምድጃ ሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎ፣ እንቁጣጣሽ ሊደርስ ሲል ጭራሽ አልሞቅ አለ።

በዚያ ቤት የዓመት በዓል ዶሮ ሲሠራ ፈረሰኛው የአባወራው ነው፤ ሌላ ሰው እጁን አይሰድበትም። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ዘንድሮ ያን ብልት ለማን እንደሚያወጡ ሲያስቡት ሆዳቸው ይባባ ነበር። በመጨረሻ ለልጆቻቸው ቁርጡን ነገሩ፦

«በዓሉን በገዛ ወጥ ቤቴ እንድሠራ ላደረገኝ፣ ፈረሰኛው የእሱ ነው። ለዘንድሮ ብቻ አይደለም፤ በዓል በመጣ ቁጥር ነው።»

የበኩር ልጃቸው ዘውዱ የሚኖረው አዲስ አበባ ነው። ደውሎ የቦታውን ስፋት ጠየቃቸው፤ እሳቸውም ለክተው «አራት ስንዝር» አሉት። ዘውዱ ማመንታት አያውቅም። ሱቅ ገብቶ በራሱ እጅ አራት ስንዝር ለካና አራት ድስት የሚጥድ አዲስ ምድጃ ገዛ፤ አውቶቡስ ጣራ ላይ አስጭኖም ጳጉሜ ሦስት ቀን ከተፍ አለ። ችግሩ ዘውዱ የአባቱን ሰፊ መዳፍ የወረሰ መሆኑ ነው፤ የእናቱ እጅ ደግሞ የልጅ እጅ ነው የሚያክለው። ምድጃው ከአንድ ጋት በላይ ተርፎ ደጅ ቆመ።

ሁለተኛው ልጅ ፈንታሁን ግንበኛ ነው። ምድጃውን አየ፣ ወንድሙን አየና «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብሎ ሳቀ። ከዚያ መሮና መዶሻ ይዞ ወደ መደርደሪያው ሄደ። አቶ ይርዳው ሲሚንቶው ሳይደርቅ በጣታቸው ዓመተ ምሕረቱን የጻፉት እዚያው ጠርዝ ላይ ነበር።

«ፈንታሁን፣ እሱን አትንካብኝ» አሉ እናቱ።

«እማዬ፣ አባባ የሠራው ልትሠሪበት እንጂ ልታለቅሺበት ነው እንዴ?»

መልስ ሳይጠብቅ ቆረጠው። እሳቸው ፊታቸውን አዙረው አለቀሱ። ጽሑፉ ያለበትን ቁራጭ ግን አልሰበረውም፤ ከመስኮቱ በታች ግድግዳው ውስጥ ቀበረውና ዙሪያውን ለሰነው። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ዞረው ሲያዩት በነጠላቸው ጠርዝ አበሱት። ምድጃው ገባ።

የመጨረሻዋ ልጅ ትርንጎ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናት። ድስቱ ተጥዶ ምድጃው ሲበራ ሬዲዮኑ ዝም አለ፣ አምፖሉም ጠፋ። ሁለት ጊዜ ሞከሩት፣ ሁለቴም ያው ሆነ። «ይህ ሽቦ የድሮውንም የቻለው በግድ ነው» አለች። መሥራት ለጀመረችው ለራሷ ቤት የገዛችው ወፍራም ሽቦ ነበራት፤ ሄዳ አመጣችው። ከቆጣሪው ተነስታ በኮርኒሱ ውስጥ እየተሳበች እስከ ወጥ ቤቱ ዘረጋችውና አቧራ ለብሳ ወረደች።

«አሁን አብሪው፣ እማዬ።»

ሽንኩርቱ ቁሌት ሆነ፤ ዶሮውም ለእንቁጣጣሽ ምሳ ደረሰ። ቤተሰቡ ማዕድ ዙሪያ ሲቀመጥ፣ ፈረሰኛው የእናትየው ጭልፋ ላይ ነበር።

«እኔ ባላመጣው ምን ትገጥሙ ነበር?» አለ ዘውዱ።

«እኔ ባልቆርጥ ኖሮ ደጅ ዶሮዎች ይሰፍሩበት ነበር» አለ ፈንታሁን።

«እኔ ባላበራው ቁም ሳጥን ነበር» አለች ትርንጎ። ቀጥላም፣ «ፈረሰኛ ለሴት ወጥቶ አያውቅም የምትሉ ከሆነ ግን ከአሁኑ ንገሩኝ፣ እግሩን ልብላ።»

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ሳቁ፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እንዲህ ከሆዳቸው ስቀው አያውቁም። ደስ ብሏቸዋል። ቃላቸው ግን ቃል ነው፤ የሚሰጡትም ሥጋ ብቻ አልነበረም፣ የአባወራውን ቦታ ነው። ሦስቱን ልጆቻቸውን በየተራ አዩ። አንዱ ያለውን አውጥቶ በስህተት ለካ፤ አንዱ ሥራውን አሳምሮ ልባቸውን አሳዘነ፤ አንዷ ምንም ሳታጠፋ የገዛ ቤቷን ሽቦ ሰጠች፣ ግን የመጣችው ሁለቱ ከደከሙ በኋላ ነው።

እንግዲህ የሰማችሁ ፍረዱ፤ ወጡ ሳይቀዘቅዝ። ፈረሰኛው ለማን ይውጣ?