የማክሰኞው የቤንዚን ጾም

ማደያ በሌላት ከተማ ቤንዚን በበርሜል የሚቸረችረው ነጋዴ ዋጋ ሰቀለ። የባለባጃጆች ማኅበር ሊቀመንበር አቶ ወንድይራድ ተቆጥተው፣ «ማክሰኞ ማንም እንዳይቀዳ፤ ያን ጊዜ ዋጋውን ቀንሶ ይለማመጠናል» ብለው አዘዙ።

አንድ ምላሰኛ የባጃጅ ሹፌር ይህን ሲሰማ ሳቀ።

ሰኞ ዕለት ባጃጅ ሁሉ ነጋዴው ደጅ ተሰልፎ ሞልቶ ቀዳ። ከሰልፉ ፊት አቶ ወንድይራድ ሁለት ጀሪካን ይዘው ቆመዋል። ማክሰኞ አንድም ሰው ዝር አላለም። ረቡዕ ዋጋው ያው ነው።

ሊቀመንበሩ ስብሰባ ጠርተው ሹፌሩን አስነሡት። «በሳቅህ ያሟረትክብን አንተ ነህ። ዋጋው ለምን እንዳልወረደ ንገረን፤ አለዚያ ከማኅበሩ ትባረራለህ።»

ሹፌሩ ኮፍያውን አወለቀ። «ክቡር ሊቀመንበር፣ ማክሰኞን በደንብ ጾመናል። ሰኞ ግን ቅበላ ነበር፤ እርስዎም ጾሙን በሁለት ጀሪካን ተቀብለውታል። ለመሆኑ በቅበላ ዋጋ የቀነሰ ሥጋ ቤት አይተው ያውቃሉ?»